የቦሌና የደለስ መንገድ

ስሙኝማ! ቀኑ ግንቦት 24፣ 1976 ዓ.ም. ነው። ቦታው ከዋሽንግተን ከተማ ወጣ ብሎ፣ በቨርጂኒያ ምድር፣ ደለስ የተባለው አውሮፕላን ማረፊያ። ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ አንድ ቦይንግ 767 ቆሟል። አዲስ ነው፤ ከፋብሪካ ከወጣ ገና መሆኑ ነው። ሞተሩ ሁለት ብቻ። መዳረሻው አዲስ አበባ ነው፤ በመሃል ማረፍ የሚባል ነገር የለም።

ወቅቱን አስታውሱት። አገር ቤት በሰሜን በኩል ዝናብ ጠፍቶ ገበሬው ሰማይ ሰማዩን የሚያይበት፣ የ77ቱ ክፉ ቀን ዋዜማ ነው። በአውሮፕላኑ ዓለም ደግሞ ውቅያኖስ ማቋረጥ በአብዛኛው ለባለ ሦስትና ለባለ አራት ሞተር የተተወ ሥራ ነበር። በሁለት ሞተር ያን ያህል መሄድ ይቻላል ወይ የሚለው ክርክር ገና አልበረደም።

አውሮፕላኑ ተነሳ። አትላንቲክን ተሻገረ፤ አህጉር ለወጠ፤ በረሃ አቋረጠ፤ የሐበሻ ደጋ ከፊቱ ብቅ አለ። ቦሌ ላይ ጎማው መሬት ሲነካ የተቆጠረው ሰዓት 13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ነበር። የበረረው 12,082 ኪሎ ሜትር። እስከዚያች ዕለት ድረስ በዓለም ላይ አንድም ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ ጄት ሳያርፍ ይህን ያህል ርቆ አያውቅም ነበር። ሪከርዱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሆነ። በዚያ በጨለመ ዘመን ከዚህች አገር የወጣ የምሥራች ነውና ሳልኮራበት አላልፍም።

አሁን እንቆቅልሹን ስሙ። ያ በረራ ከተፈጸመ 40 ዓመት አልፏል። አውሮፕላኖቹ ተለውጠዋል፤ ሞተሩ በርትቷል፤ ክንፉ ረዝሟል። ነገር ግን ዛሬ ከቦሌ ተነስቶ ወደ ደለስ የሚሄድ መንገደኛ መሃል ላይ አርፎ፣ ነዳጅ ተቀድቶለት፣ ከ16 እስከ 17 ሰዓት ተጉዞ ነው የሚደርሰው። ከደለስ ወደ ቦሌ የሚመለሰው ግን እንደዚያው እንደ 1976ቱ፣ አንድም ቦታ ሳያርፍ፣ በ13 ሰዓት ገደማ ይገባል። ሁለት ከተሞች፣ አንድ ርቀት፤ መንገዱ ግን ሲሄዱ ሌላ፣ ሲመለሱ ሌላ። እንዴት ሆነ? ትረካዬ ይህ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከልደታ፣ ከአዲስ አበባ የቀድሞው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። አየር መንገዱ ታኅሣሥ 12፣ 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ውል። የመጀመሪያው በረራ የተነሳው መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት ሲሆን የሄደውም በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ነው። አውሮፕላኑ ከጦርነቱ የተረፈ ሲ-47 ነበር። መንገደኛው ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተደግፎ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ጭነቱ መሃል ላይ በገመድ ይታሰራል። ፍጥነቱ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚያ ፍጥነት አሜሪካ መሄድ ለማንም በሐሳቡ አልመጣም።

ጄት ሲመጣ ልደታ ጠበበ። ሜዳው ለእንደዚያ ያለ አውሮፕላን አይበቃምና ቦሌ ተሠራ። የመጀመሪያዎቹ ቦይንግ 720ዎች የመጡት በ1955 ዓ.ም. ነው። ደለስም በዚያው በ1955 ኅዳር ወር ተከፈተ፤ ፕሬዝዳንት ኬኔዲ መርቀውት፣ ኤሮ ሳሪነን የተባለው ታላቅ አርክቴክት ነድፎት፣ ገና ከመነሻው ለጄት ተብሎ የታሰበ ማረፊያ። እንግዲህ ሁለቱ ሜዳዎች እኩዮች ናቸው፤ ሁለቱንም የወለዳቸው ጄት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ መደበኛ በረራ የተጀመረው ግን ከዚያ በጣም ቆይቶ፣ በ1990 ዓ.ም. ግድም ነው። በመካከሉ ያለፉትን የስደት ዓመታት ታውቃላችሁ። ስንቱ ሰው በሱዳን በእግሩ ወጥቶ፣ ካርቱም ከርሞ፣ ሮም ከርሞ፣ ዓመታት ፈጅቶ ነው ዋሽንግተን የገባው። ዛሬ ከአፍሪካ ውጭ ብዙ ኢትዮጵያዊ በአንድ አካባቢ የሚኖረው እዚያው በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ነው። ስለዚህ ይህ በረራ ለእኛ ተራ መስመር አይደለም። የተለያየ ቤተሰብ የሚገናኝበት መንገድ ነው።

እሺ፣ ርቀቱ ስንት ነው? ካርታ አምጡና ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ማስመሪያ አጋድማችሁ ብታሰምሩ፣ መስመሩ በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ አልፎ አትላንቲክ ይገባል። ይህ መንገድ አጭር ይመስላል፤ አይደለም። ካርታው ክብ የሆነችውን ምድር ዘርግቶ ጠፍጣፋ ስላደረጋት ዓይናችሁን አታሏል። አሁን ካርታውን ትታችሁ ሉል አምጡ። በቀጭን ክር አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ይዛችሁ ጥብቅ አድርጉት። ክሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣል፤ ሱዳንን ያቋርጣል፤ ሱዳን፣ ግብፅና ሊቢያ ከሚገናኙበት ጥግ አጠገብ ያልፋል፤ ሊቢያንና አልጄሪያን ተሻግሮ ሜዲትራኒያንን ይነካል፤ ከዚያ በስፔንና በፖርቱጋል አናት ላይ አልፎ ወደ ውቅያኖሱ ይወጣል። ትክክለኛው አጭር መንገድ ይህ ነው። ርዝመቱም 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ጄት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያለ ነፋስ ቢበር ወደ 13 ሰዓት የሚጠጋ መንገድ።

የ1976ቱ አውሮፕላን ግን 12,082 በረረ አልኳችሁ፤ ከክሩ በ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሰማይ ባዶ ሜዳ አይደለማ! የአየር መንገድ አለው፤ አገር አለው፤ ፈቃድ አለው፤ አብራሪው ነፋስ ሲረዳው ይጠጋል፣ ማዕበል ሲያይ ይሸሻል። በክር የተለካው ኪሎ ሜትርና አውሮፕላኑ የበረረው ኪሎ ሜትር አንድ ሆኖ አያውቅም።

አሁን ወደ መንገደኞቹ እንምጣ። በዚህ በረራ ላይ ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው አንድ ዓይነት እናት አይቷል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፓስፖርታቸውን በአንገታቸው በተንጠለጠለ ትንሽ ቦርሳ ይዘው፣ ልጃቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ወልዳ አራስ ሊጠይቁ የሚሄዱ። ሁለት ሻንጣ አላቸው፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ውስጡ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ የገንፎ እህል፣ በላስቲክ ላይ ላስቲክ የተጠቀለለ ቅቤ። ቤት ውስጥ በእጅ ሚዛን ሦስቴ ተመዝኖ፣ ከአንዱ ወጥቶ ለሌላው ተጨምሮ፣ ልክ ልኩን ሆኖ ነው ቦሌ የደረሰው። የኪሎውን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አውሮፕላኑ ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ይነሳል። እራት ይመጣል፤ መብራት ይጠፋል፤ ሰው ያንቀላፋል። ከተነሳ ስምንት ሰዓት ገደማ ሲሆነው ወደ ታች መውረድ ይጀምራል። መሬት ይነካል። ውጭው ጨለማ ነው፤ ዝናብም ሊኖር ይችላል። እማማ ነቅተው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ አጠገባቸው ለተቀመጠው ወጣት ጠጋ ብለው፦

«ልጄ፣ ደረስን እንዴ?»

«ኧረ ገና ነን እማማ። ደብሊን ነው ያረፍነው፤ ነዳጅ ሊቀዳ ነው። እርስዎ ከመቀመጫዎ አይነሱ፣ አውሮፕላን አንቀይርም።»

«እንዴ! አዲስ አበባ ሞልቶት ቢነሳ ምን ነበረበት?»

ወጣቱ ዝም ይላል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ብዙ የተማረ ሰው ሲጠየቅ «አየር መንገዱ ገንዘብ ሊቆጥብ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እውነቱ ሌላ ነው፤ እውነቱ ያለው እማማ ተወልደው ባደጉበት ደጋ ውስጥ ነው።

ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሜዳ ነው። በዓለም ላይ በዚህ ከፍታ ላይ ሆነው አህጉር የሚያሻግር ትልቅ አውሮፕላን የሚያስተናግዱ ሜዳዎች ጥቂት ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የእኛ ሯጮች ሳንባቸውን ያሠለጠኑበት አየር ይኸው ነው። ለሯጭ በረከት ነው፤ ለአውሮፕላን ግን ፈተና። ክንፍ የሚደገፈው አየር ላይ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ድጋፉ ይቀንሳል። ሞተርም የሚተነፍሰው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይጎድላል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከቦሌ ለመነሳት ከሌላ ቦታ ይልቅ በጣም ፈጥኖ፣ በጣም ረጅም መንገድ መንደርደር አለበት። ማኮብኮቢያው ደግሞ ያልቃል። ጎማውም የሚችለው የፍጥነት ልክ አለው። አብራሪው በእጁ የሚቀረው መላ አንድ ብቻ ነው፦ ክብደት መቀነስ።

ክብደቱ ምኑ ነው? ድሪምላይነር የሚባለውን ቦይንግ 787-8 ውሰዱ፤ አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተረከበው የእኛው አየር መንገድ ነው፤ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ቦሌ ሲገባም የመጣው ከዚሁ ከደለስ ተነስቶ ነበር። ይህ አውሮፕላን እጅግ ቢከብድ 228 ቶን ያህል ሆኖ ይነሳል። ነዳጅ ማጠራቀሚያው 126,000 ሊትር ይይዛል፤ ሲሞላ 100 ቶን ያህል ይመዝናል። አስቡት፤ ሞልቶ የሚነሳ አውሮፕላን ከክብደቱ ከአሥር አራት እጁ በላይ ነዳጅ ነው። የእማማ 46 ኪሎ፣ የሁላችን ሻንጣ፣ እኛም ራሳችን ተደምረን ከነዳጁ አጠገብ ትንሽ ነን።

ወደ አፋር ጨው ሊጭን የሚወርድ የግመል ቅፍለት ታውቁ እንደሆነ፣ ለራሱ ለግመሉ የሚሆን ገለባ ተሸክሞ ነው የሚወርደው፤ የመመለሻውን ድርሻ በየመንገዱ እያስቀመጠ ያልፋል እንጂ ሁሉንም ጭኖ እስከ ዳሎል አይዘልቅም። አውሮፕላንም መኖውን ራሱ የሚሸከም ጭነኛ ነው። በረጅም መንገድ ላይ ከሚቃጠለው ነዳጅ ከፊሉ የሚቃጠለው ራሱን ነዳጁን ለመሸከም ነው። ደብሊን ማለት እንግዲህ የገለባው ማስቀመጫ ናት። ከቦሌ የሚነሳው አውሮፕላን ደብሊን የሚያደርሰውንና መጠባበቂያውን ብቻ ይዞ፣ ቀለል ብሎ፣ መንገደኛውንና ሻንጣውን ግን ሳይቀንስ ይነሳል። ደብሊን ባሕር አጠገብ ናት፤ አየሯ ወፍራም ነው፤ እዚያ የፈለገውን ያህል ሞልቶ ይነሳል። ሞልቶ ከቦሌ ልነሳ ቢል መቀመጫውን በከፊል ባዶ አድርጎ፣ ሻንጣ ትቶ መሄድ ሊኖርበት ነው። ያን ጊዜ የቲኬቱ ዋጋ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። አየር መንገዱ ማረፍን መረጠ። እኔም እሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እመርጥ ነበር።

«ታዲያ አየርላንድ ድረስ ወደ ሰሜን መውጣት መንገድ ማርዘም አይደለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ወደ ሉሉና ወደ ክሩ ተመለሱ። ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,365 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደብሊን ደለስ ደግሞ 5,460 ያህል። ሲደመር 11,825 አካባቢ ይመጣል። ከቀጥተኛው ክር የሚበልጠው በ265 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው! በጄት ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። በዚህ መስመር በየጊዜው ሮምም፣ የቶጎዋ ሎሜም ማረፊያ ሆነው አገልግለዋል። በሮም የሚሄድ መንገደኛ ከክሩ ብዙም አይርቅም፤ ትርፉ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሎሜ የሚሄድ ግን ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ይጨምርበታል፤ በምላሹ ሎሜ ከባሕሩ አፋፍ ላይ ናትና ሙሉ ጭነት ትፈቅዳለች፤ የምዕራብ አፍሪካ መንገደኛም ትሰጣለች። ጠፍጣፋው ካርታ ላይ ሎሜ በመንገድ ላይ ያለች፣ ደብሊን ደግሞ ከመንገድ የወጣች ትመስላለች። ሉሉ ተቃራኒውን ይመሰክራል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ሜክሲኮ ሲቲም ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ያለች ደጋ ከተማ ናት። የቱርክ አየር መንገድ ከኢስታንቡል ተነስቶ ሜክሲኮ ሲቲ ሳያርፍ ይገባል፤ ሲመለስ ግን መጀመሪያ ባሕር ዳር ወዳለችው ካንኩን ወርዶ ከዚያ ነው ወደ አገሩ የሚያቀናው። የኤሚሬትስም አውሮፕላን ከዱባይ ሜክሲኮ ሲሄድ ባርሴሎና ላይ ያርፋል። የደጋ ልጅ ሁሉ ይህን ግብር ይከፍላል።

አሁን ሁለተኛው ምክንያት፤ ነፋሱ። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ፣ አሥርና አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ የነፋስ ወንዝ አለ፤ ጄት ስትሪም ይሉታል። በክረምታቸው ወራት በተለይ ይበረታል። ወደ አሜሪካ የሚሄድ አውሮፕላን ይህን ነፋስ በፊቱ ይቀበለዋል፤ የሚመለሰው ከጀርባው ያገኘዋል። ሒሳቡን እንሥራው። በአየር ውስጥ 900 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚበር አውሮፕላን 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊቱ ቢገጥመው መሬት ላይ የሚቆጠርለት 800 ነው። ከደብሊን ደለስ ያለውን በዚህ ፍጥነት ለመጨረስ 6 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ያው ነፋስ ከኋላው ቢገፋው 1,000 ይሆንለታል፤ 5 ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። በአንድ ውቅያኖስ ላይ ብቻ የአንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ልዩነት! ለመነሳት፣ ለመውጣት፣ ለመውረድና ተራ ለመጠበቅ የሚሄደው ሲጨመር ደግሞ የምዕራቡ መንገድ ወደ ስምንት ሰዓት ይጠጋል።

አያችሁ፣ ደለስ ከባሕር ጠለል 95 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ከዚያ የሚነሳ አውሮፕላን አየሩ ወፍራም ነው፣ ነዳጁ ሙሉ ነው፣ ነፋሱም ከጀርባው ነው። ሦስቱም ተባብረው 13 ሰዓት ላይ ቦሌ ያስገቡታል። ከቦሌ ሲነሳ ሦስቱም ይገለበጡበታል። የ1976ቱ ሪከርድም የተመዘገበው ከደለስ ወደ አዲስ አበባ እንጂ ከአዲስ አበባ ወደ ደለስ አይደለም። ይህን መናገር የጀግኖቹን አብራሪዎች ክብር አይቀንስም። ነፋስን አውቆ መጠቀም የአብራሪ ሙያ ነው።

ስለ ሌሊቱ ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ ለእኔ ከቁጥሩ ሁሉ የሚደንቀኝ እሱ ነው። ምድር ወደ ምሥራቅ ትዞራለች። ወደ ምዕራብ የሚሄደው አውሮፕላን ከንጋት ይሸሻል፤ ንጋት ይከተለዋል፣ ቶሎ አይደርስበትም። ማታ ከቦሌ የተነሱት እማማ ደብሊን ሲያርፉ በሰዓታቸው ነግቷል፤ መስኮቱ ግን ገና ጨለማ ነው። የጠዋት ጸሎታቸውን ማድረስ ይፈልጋሉ፤ ፀሐይዋ የለችም። ያን ሌሊት የሚሻገሩት ከተለመደው ሌሊት እጅግ የረዘመ ነው። ደለስ ሲወርዱ እዚያ ጠዋት ነው፤ እርሳቸው ቤት ግን ጊዜው ወደ ማታ እየሄደ ነው። የሁለቱ አገር ልዩነት በእነሱ በጋ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው። ሲመለሱ ደግሞ ረፋድ ላይ ተነስተው፣ ፀሐይን በግንባር ሄደው አልፈዋት፣ ምሽቱ ውቅያኖሱ ላይ በድንገት ይወድቅባቸዋል፤ ጥቂት ሳያሸልቡ አፍሪካ ላይ ይነጋል። ያ ሌሊት አጭር ነው። ሲሄዱ የተጨመረላቸው ሰዓት የሚወሰድባቸው በዚህ መንገድ ነው፤ ሰውነታቸው ግን ቶሎ አያምንም፤ ሳምንት ያህል እኩለ ሌሊት ላይ ያነቃቸዋል።

አሁን ስለ ሰማዩ አጥር ትንሽ ልበል። ክሩ መጀመሪያ የሚያልፈው በሱዳን ሰማይ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ያ ሰማይ ተዘጋ። ሰሜን የሚሄድ በረራ ሁሉ ዞሮ ማለፍ ግድ ሆነበት፤ ርቀቱ ረዘመ፣ ነዳጁ ጨመረ። ከዚያ በፊትም እንዲሁ ነበር። የ1938ቱ የመጀመሪያ በረራ ያረፈባት አስመራ ከ1990 እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ለ20 ዓመት ተዘጋችብን። ሐምሌ 2010 ላይ አውሮፕላኑ ተመልሶ አስመራ ሲያርፍ ሰው መሬት ሲስም፣ ቤተሰብ ተቃቅፎ ሲያለቅስ አይተናል። የአንድ ሰዓት መንገድ ነበር፤ 20 ዓመት ፈጀ። በ2016 መጨረሻ ደግሞ ያ በረራ እንደገና ቆመ። ከደጋው ከፍታና ከነፋሱ ይልቅ ርቀትን የሚያረዝመው የሰው ጠብ መሆኑን የምናገረው በሐዘን ነው። ከፍታውን ኢንጂነር ያሸንፈዋል፤ ነፋሱን አብራሪው ያውቅበታል።

ለከፍታው መላ እየተፈለገ ነው። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በቢሾፍቱ አካባቢ ትልቅ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ታቅዷል፤ ሲጠናቀቅ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ተብሎ። ሰው የሚያወራው ስለ ስፋቱና ስለ ውበቱ ነው። እኔን ያስደሰተኝ ከፍታው ነው፤ ቢሾፍቱ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። 400 ሜትር ለእግረኛ አንድ ዳገት ናት፤ ለአውሮፕላን ግን ወፈር ያለ አየር፣ አጠር ያለ መንደርደሪያ፣ ብዙ ቶን ተጨማሪ ነዳጅ ወይም ጭነት ማለት ነው። ልደታ ለጄት ስትጠብ ቦሌ እንደተሠራ፣ አሁን ደግሞ ቦሌ ለረጅሙ መንገድ እየጠበበ ነው። ይህን ሥራ እደግፋለሁ። መሬታቸውን የለቀቁት ገበሬዎች ካሳ በደንብ ይከፈላቸው፤ ኑሯቸው ይቃና፤ ከዚያ ይሠራ።

እስከዚያው ድረስ ግን፣ ውጭ አገር ላላችሁ ልጆች አንድ አደራ አለኝ። ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ ቲኬት ስትቆርጡ ዋጋውን ብቻ አትዩ። ጠቅላላ የጉዞ ሰዓቱን እዩ፤ በየት በኩል እንደሚሄድ እዩ፤ የሚያርፈው ለነዳጅ ነው ወይስ አውሮፕላን መቀየር አለ የሚለውን አረጋግጡ። ዊልቸር አስቀድማችሁ እዘዙላቸው፤ ቢችሉም እዘዙላቸው፤ የኢሚግሬሽኑ ሰልፍ ረጅም ነው። መድኃኒታቸው በእጅ ሻንጣቸው ይሁን፤ እግራቸው እንዳያብጥ በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው ወዲያ ወዲህ ይበሉ፤ ውኃ ይጠጡ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመነሳታቸው በፊት ደውላችሁ በሚገባቸው ቋንቋ ንገሯቸው፦ «እማዬ፣ ስትመጪ አንዴ ታርፊያለሽ፤ ጨለማ ነው፤ አትውረጂ፤ ገና ስምንት ሰዓት ይቀርሻል። ስትመለሺ ግን ማረፍ የለም፤ 13 ሰዓት ነው፤ ጠዋት ቤትሽ ነሽ።»